ግራኙ ልጅ የቆረጣቸው ካርዶች

ዘንድሮ ብርዱ ለቆ ዛፎቹ ሲያቆጠቁጡ ጡረታ ወጣሁ። ዕድሜዬ ደረሰ፣ የጡረታው ወረቀት መጣ፣ ፈረምኩ፣ በቃ። የከበደኝ ከዚያ በኋላ የመጣው ጥያቄ ነው። ሮተርዳም ባለው ቤተ ክርስቲያናችን ከቅዳሴ በኋላ ሴቶቹ ከበውኝ፣ «ውብነሽ፣ ለመሆኑ ይህን ሁሉ ዘመን ሥራሽ ምን ነበር?» አሉኝ።

«የድሮ ወረቀት እጠግን ነበር። በተለይ ካርድ» አልኳቸው።

«የባንክ ካርድ?»

«አይደለም። ስፖርተኞች የተሳሉበት የድሮ ካርድ ነው።»

«ካርታ ጨዋታ ነው እንዴ?» አሉ አንዲት ትልቅ ሴት፣ በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ቁማር ያነሣሁ ይመስል ፊታቸውን ኮስተር አድርገው።

ልጄ ሩት ልታድነኝ ብላ አንድ ረጅም የደችኛ ቃል ተናገረች። ማንም አልገባውም፤ እሷም በአማርኛ ልትፈታው አልቻለችም። ሣቅ ብዬ አለፍኩት። ቤቴ ስገባ ግን ከፋኝ። ዕድሜዬን የጨረስኩበትን ሥራ በገዛ ቋንቋዬ ለአንድ ሰው እንኳ አስረድቼ አላውቅም ማለት ነው። ሥራውን ያስተማሩኝ ሰው ደግሞ አርፈዋል። ስለዚህ ልጽፈው ተቀመጥኩ።

አዲስ አበባ ሳለሁ በአንድ ማተሚያ ቤት ጥረዛ ክፍል ነበርኩ። ከማሽን የወጣውን ወረቀት እናጥፋለን፣ እንሰፋለን፣ ሙጫ ቀብተን ሽፋን እናለብሳለን። ተሰድጄ ሆላንድ ስገባ ያ ሙያ ይጠቅመኛል ብዬ አላሰብኩም፤ ቋንቋ የለኝም፣ ሕፃን አዝያለሁ። በዴን ሃግ ከተማ ደቡብ፣ ሙርዋይክ ሠፈር፣ ሊፍት የሌለው ፎቅ ላይ ቤት ተሰጠን። መጀመሪያ ቢሮ አጸዳሁ። አለቃችን ባልዲ የምንይዝበትን እጅ ሳይቀር የሚያርም ሰው ነበር። ቀጥሎ አረጋውያን መጦሪያ ገባሁ፤ እዚያ አለቃዬ ደግ ነበረች፣ ወገቤ ግን እምቢ አለ። ተመልሼ ወደ ጽዳት ሄድኩ። የደረሰኝ ሕንፃ ምድር ቤቱ ላይ የወረቀት መጠገኛ ነበረው።

ሥራ ስጨርስ በመስኮቱ ቆሜ እመለከት ነበር። አንድ ረጅም፣ ቀጭን ሰውዬ መጽሐፍ ይሰፋሉ። አንድ ቀን በሩን ከፍተው፣ «ዘወትር የምታዪው ምንድን ነው?» አሉኝ።

«እኔም በአገሬ ይህን እሠራ ነበር» አልኳቸው በተሰባበረ ደችኛ።

መርፌውን አቀበሉኝ። አንድ ጥራዝ ሰፋሁ። ተቀበሉኝ፣ አገላብጠው አዩት፣ ክሩን አንድ በአንድ ፈቱና፣ «እንደገና» አሉ። እንደገና ሰፋሁ። እንደገና ፈቱት። በሦስተኛው አልፈቱትም። ከጠረጴዛው አንሥተው የእሳቸው ሥራ ከተደረደረበት ጣውላ ላይ አስቀመጡት። ከዚያ ወዲያ አብሬያቸው መሥራት ጀመርኩ። ባረንድ ይባላሉ። እኔ ግን እንደ አገሬ ደንብ ስማቸው ላይ «መነር»፣ «አቶ» እንደማለት፣ ጨምሬ መነር ባረንድ አልኳቸው። እዚህ «መነር» የሚባለው በአባት ስም ነውና ሳቁ፤ «አንተ በይኝ» ብለውም ለመኑኝ። እስከ መጨረሻው «እርስዎ» ከማለት ሌላ ከአፌ አልወጣም።

የእሳቸውን አሠራር ልንገራችሁ። ማንኛውንም ወረቀት ከፊቱ በፊት ጀርባውን ያያሉ። «ፊቱ ለሰው የተሠራ ነው፤ የደረሰበትን የሚናገረው ጀርባው ነው» ይላሉ። እጃቸውን በቀዝቃዛ ውኃ ይታጠባሉ፣ ቅባት የሚባል ነገር አይነኩም፤ ክረምት ላይ ጣታቸው ይሰነጣጠቃል። ከመንካታቸው በፊት የሚያደርጉትን ነገር ጮክ ብለው ይናገራሉ፤ ብቻቸውን ቢሆኑም። «አሁን ከግራ ጥግ አንድ ጠብታ አኖራለሁ» ይላሉ፣ ያኖራሉ። ለባለቤቱም ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ አላቸው፦ «ይህን በፊት የያዘው ማን ነበር?» ሰዎች ስለ ወረቀቱ ሊያወሩ መጥተው ስለ አባታቸው፣ ስለ አክስታቸው ሲያወሩ ይቆያሉ። እሳቸው አያቋርጡም። ወሬው የት ቦታ እርጥበት እንደነካው፣ የትኛው ሳጥን ውስጥ እንደከረመ ይነግራቸዋል።

ካርዶቹን ያመጡልን የሮተርዳም ሰዎች ናቸው። እዚህ አገር ቤዝቦልን፣ ኳስ በዱላ የሚመታበትን ጨዋታ፣ የሚወዱ ሰዎች አሉ፤ ኾንክባል ይሉታል። ከመቶ ዓመት ገደማ በፊት አሜሪካ ውስጥ የተጫዋቾቹ ሥዕል በረጅም ስስ ካርቶን ላይ፣ እንደ ቴምብር ጎን ለጎን ተከታትሎ ይታተም ነበር። ከረሜላ የሚሸጠው ባለሱቅ ሳንቲም ይዞ ለመጣ ልጅ ከተርታው አንዱን በመቀስ ቆርጦ ይሰጠዋል። አለበለዚያ ልጁ ተርታውን እንዳለ ወስዶ ቤቱ ይቆርጠዋል። ካርዶቹ እኛ ጋ ሲመጡ መጀመሪያ አስጠሉኝ። ቀለሙ ከመሥመሩ ወጥቷል፣ ፊቱ የማንንም ፊት አይመስልም፣ ከስሩ የተጻፈው ስም አንዳንዴ የሌላ ሰው ነው። ጠርዙ ጠማማ ነው።

አንዲት የመድኃኒት ባለሙያ ደንበኛ ነበረችን፤ የምትሰበስበው እነዚህን ብቻ ነው። «ለምን ደህና የታተመውን አትሰበስቢም?» አልኳት አንድ ቀን።

«ደህና የታተመውን ፋብሪካ ነው የቆረጠው» አለችኝ። «ሁሉም እኩል ነው። ይኸኛውን አየሽው? መቀሱ እዚህ ጋ ቆሟል። ልጁ ቆም ብሎ አስቧል፣ ከዚያ ነው የቀጠለው። ተጫዋቹ ማን እንደሆነ ግድ የለኝም። እኔ የምሰበስበው ያንን ማሰቡን ነው።»

ከዚያ ቀን በኋላ በሌላ ዓይን አየኋቸው። የታተሙት ለመጣል ነው፤ ማንም ለልጅ ልጅ ይቆያሉ ብሎ አልሠራቸውም። አንድ ልጅ ግን ወዷቸው አልጣላቸውም። ሰብሳቢዎቹን የሚይዛቸው ይህ ይመስለኛል። ብዙ ዋጋ ያለውን ነገር ማንም ያስቀምጠዋል። እነዚህን ያቆያቸው ግን መውደድ ብቻ ነው።

ሄንክ የሚባሉ ሰው የመጡት በዚያ ጊዜ ነው። የሮተርዳም ወደብ ክሬን ነጂ ነበሩ፣ በጡረታ ላይ ናቸው፤ በወጣትነታቸው ኾንክባል ተጫውተዋል። ትከሻቸው ሰፊ፣ ንግግራቸው ቁርጥ ያለ። በጨርቅ የተጠቀለለ ትንሽ አልበም ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። ውስጡ ካርዶች በዱቄት ሙጫ ተለጥፈዋል። የአልበሙ ወረቀት ከእርጅና ብዛት ቡናማ ሆኖ፣ ካርዶቹንም ማቃጠል ጀምሯል።

«ከዚህ ወረቀት አላቁልኝ። ሌላ ምንም አልፈልግም» አሉ።

መነር ባረንድ እንደ ልማዳቸው፣ «በፊት የያዘው ማን ነበር?» አሉ።

«ወንድሜ፤ ስሙ ያን ነበር። መርከብ ላይ የሚሠራ አጎታችን ከአሜሪካ አመጣለት። የቆረጠውም የለጠፈውም እሱ ነው። በጦርነቱ የመጨረሻ ክረምት ሞተ። ልጅ ነበር።»

መነር ባረንድ አልበሙን ወደ መብራቱ አስጠግተው ብዙ ቆዩ። ጣታቸውን ከካርዶቹ ጠርዝ በላይ፣ ሳይነኩ፣ አሳለፉ። «ወንድምዎ ግራኝ ነበር?» አሉ።

ሄንክ ወንበር ስበው ተቀመጡ።

«ሁሉም ወደ አንድ በኩል ያጋድላል» አሉ መነር ባረንድ። «ለቀኝ እጅ በተሠራ መቀስ በግራው ሲቆርጥ የሚቆርጥበትን መሥመር ራሱ መቀሱ ይጋርደዋል። የእናታችሁ የስፌት መቀስ ይሆናል።»

«የእናታችን ነው» አሉ ሄንክ ቀስ ብለው። «ትምህርት ቤት ግራ እጁን ያስሩበት ነበር። ይህን የሚያውቅ ከእኔ በቀር በሕይወት የለም።» ከዚያ አንድ ቀይ ካርድ አሳዩን። ከሥዕሉ ኋላ ያለው መደብ ደማቅ ቀይ ነው፤ ተጫዋቹ ኳስ ሊወረውር ክንዱን አንሥቷል፣ መቀሱ ግን የኮፍያውን ጫፍ ይዞት ሄዷል። «ይህን ሲቆርጥ አጠገቡ ነበርኩ። ኮፍያውን ሲቆርጥበት አለቀሰ። እኔ ሳቅሁበት።»

ሲወጡ የመነር ባረንድን እጅ ጨብጠው ለረጅም ጊዜ አልለቀቁም።

እንዲህ ያለ ካርድ የሚላቀቀው በእርጥበት ነው። ውኃ ውስጥ አይነከርም። ትንፋሽ የሚያሳልፍ ጨርቅ መካከል ይቀመጣል፣ እርጥበቱ ቀስ እያለ ወደ ሙጫው ይገባል፣ ሙጫው ሲለሰልስ በስስ ቢላ ይነሣል። አደጋው ቀለሙ ነው። ርካሽ ቀይ አንዳንዴ ውኃ ሲያገኝ ይሮጣል። ስለዚህ አስቀድሞ ከጥግ አንድ ጠብታ ይደረግና ነጭ መምጠጫ ወረቀት ይጫንበታል። ወረቀቱ ነጭ ሆኖ ከተነሣ ይሠራል። ሮዝ ጥላ እንኳ ካየህ እጅህን ትሰበስባለህ።

በመነር ባረንድ ጠረጴዛ ላይ የሚሠራውን እኔ አልነካም ነበር፤ የእኔ ጠረጴዛ ከበሩ ጎን ነው። «አሁን ቀዩን እፈትሻለሁ» ሲሉ ሰማኋቸው። ጠብታውን አኖሩ፣ ወረቀቱን ተጫኑ፣ ወደ መብራቱ አነሡት። «ንጹሕ ነው» አሉ። ካርዱን ከአልበሙ ቅጠል ጋር ጨርቁ መካከል አስገቡት።

ከምሳ በኋላ ጨርቁን ገለጡት። ድምፅ ስላልሰማሁ ቀና አልኩ። ጎንበስ ብለው ካርዱን እያዩ ነው፤ ፊታቸው የተረጋጋ ነው። ሄጄ አጠገባቸው ቆምኩ። ቀዩ ተነሥቶ በተጫዋቹ ፊት ላይ፣ በክንዱ ላይ፣ እስከ ታች ፈስሷል። ሰውየው የለም።

«መነር ባረንድ፣ ቀለሙ ሄዷል» አልኩ።

«የቱ ቀለም?» አሉኝ።

እኔ ካርዱን ሳይሆን እሳቸውን አየሁ። መብራቱን ካለፈው ዓመት ወዲህ ለምን እያስጠጉት እንደመጡ፣ ደረጃው ላይ ግድግዳውን ለምን እንደሚዳብሱ ያን ጊዜ ገባኝ። የሽምግልና ነው እያልኩ ነበር። መምጠጫ ወረቀቱን ከጠረጴዛው አንሥቼ ወደ መስኮቱ ወሰድኩት። ሮዝ ጥላው ነበረበት፤ ስስ ነው፣ ግን አለ።

«አለበት?» አሉ ከኋላዬ።

«አለበት።»

ተቀመጡ። አንድ እጃቸውን በሌላው ላይ አደረጉ። ከዚያ ኮታቸውን አነሡ። «ሮተርዳም እንሄዳለን» አሉ።

«ብንደውልላቸውስ?»

«የሰው ነገር ካበላሸሁ፣ ነገሩን ይዤ እሄዳለሁ። በስልክ አይሆንም። አንቺ ግን መምጣት የለብሽም።»

ሄድኩ። ሮተርዳም ከጣቢያው በትራም ዴልፍስሃቨን ሠፈር ወረድን። የሄንክ ቤት ከአሮጌው ወደብ ጀርባ ነው፤ ደረጃው ቀጥ ያለ፣ ጠባብ። መነር ባረንድን ከፊት አስቀድሜ ከኋላ ወጣሁ።

ሄንክ እንዳዩን ገባቸው። መነር ባረንድ አልተቀመጡም። ካርዱን በንጹሕ ወረቀት ላይ አድርገው ጠረጴዛው ላይ አኖሩትና እንዲህ አሉ፦ «ቀዩን አበላሽቼዋለሁ። ፈተናው ቀለሙ እንደሚሄድ አሳይቶ ነበር፤ እኔ አላየሁትም። ዓይኔ እየጠፋ ነው። ለማንም አልተናገርኩም፤ ለእሷም። ይህ ሁሉ የእኔ ነው።»

ሄንክ ካርዱን ለረጅም ጊዜ አዩት። «ሥራህ ማየት አልነበረም?» አሉ በመጨረሻ።

«ነበር።»

«ታዲያ አለማየትህን እያወቅህ ለምን ያዝከው?»

«ካላየሁ ምን እንደምሆን ስላላወቅኩ» አሉ መነር ባረንድ።

«እኔ ደግሞ አንድ ወንድም ነበረኝ» አሉ ሄንክ። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። «አልበሙን ነገ መልሱልኝ። የቀረውን እንዳትነኩት።»

በማግስቱ እኔ ብቻዬን ወስጄ መለስኩላቸው። በር ላይ ተቀበሉኝ፣ አመሰገኑኝ፣ ዘጉት። ስመለስ መነር ባረንድ መሣሪያቸውን ወደ እኔ ጠረጴዛ አዛውረውት አገኘሁ፤ ቢላዎቹን፣ ወረንጦዎቹን፣ ከአጥንት የተሠራውን የወረቀት ማጠፊያ። «ከዛሬ ጀምሮ የምታዪው አንቺ ነሽ፤ የምጠይቀው እኔ» አሉ። እንደዚያው ሆነ። ለብዙ ዓመት በሩ አጠገብ ተቀምጠው ደንበኛ ይቀበሉ ነበር፤ «በፊት የያዘው ማን ነበር?» ይላሉ፣ ያዳምጣሉ። እኔ እሠራለሁ፣ የማደርገውን ከማድረጌ በፊት ጮክ ብዬ እናገራለሁ። ይህን የምለው ለእሳቸው ነበር፤ በኋላ እሳቸው በሌሉበትም መተው አቃተኝ። ዓይናቸው ጨርሶ ሲጠፋ ሙርዋይክ ውስጥ፣ ከቤቴ ብዙም የማይርቅ መጦሪያ ገቡ።

ስለ ሄንክ አንሥተው አያውቁም። ሌላ ያበላሹት ሥራ ነበራቸው፤ ሁሉንም ያወሩታል፣ ለትምህርት። ይህን ግን አንድም ቀን አላወሩም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሄንክ በሩን ከፍተው ገቡ። ሸምግለዋል፤ በሁለቱም ጆሯቸው የመስሚያ መርጃ አድርገዋል። ከደረት ኪሳቸው አንድ ነገር አውጥተው አሳዩኝ፤ በፕላስቲክ የተሸፈነው ቀዩ ካርድ ነው።

«አለቃሽ አለ?»

«ዓይናቸው ጠፍቷል። መጦሪያ ናቸው።»

«ውሰጂኝ» አሉ።

በትራም ወሰድኳቸው። መነር ባረንድ መስኮት አጠገብ ተቀምጠዋል። ማን እንደመጣ ስነግራቸው ተነሥተው ቆሙ፤ ወንበሩን ይዘው።

«ተቀመጥ» አሉ ሄንክ፣ እሳቸውም ተቀመጡ። ጮክ ብለው ነው የሚናገሩት፣ ጆሮ የከዳው ሰው እንደሚናገረው። «የምነግርህ ነገር አለ። ክሬን ላይ ሳለሁ፣ በመጨረሻዎቹ ዓመታት፣ ከታች በራዲዮ የሚጠሩኝን አልሰማም ነበር። ግማሹን ነበር የምገምተው። ከስሬ ሰዎች ይሠሩ ነበር። ለማንም አልተናገርኩም። ምን እንደምሆን ስላላወቅኩ።»

መነር ባረንድ ፊታቸውን ወደ ድምፁ አዞሩ። «ሰው ተጎዳ?»

«አልተጎዳም። ግን በእኔ ጥንቃቄ አይደለም፤ እንዲሁ አልደረሰም። ያን ቀን ቤቴ መጥተህ ስትናገር ይህንን ሁሉ አውቅ ነበር። እያወቅኩ ነው በር የዘጋሁብህ። ይህን ያህል ዘመን ይዤው ቆየሁ።»

እኔ ልወጣ ብዬ ተነሣሁ፤ መነር ባረንድ ኮቴዬን ሰምተው፣ «ቆዪ» አሉኝ።

ሄንክ ካርዱን ከፕላስቲኩ አውጥተው በመነር ባረንድ መዳፍ ላይ አኖሩት። «ፊቱ የለም። የማላውቀው አሜሪካዊ ነበር፣ ይቅር። ጠርዙ ግን አለ።» መነር ባረንድ በአውራ ጣታቸው ዳር ዳሩን ሄዱበት፤ ኮፍያው የተቆረጠበት ጋ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ።

«መቀሱ የቆመው እዚህ ነው» አሉ።

«እዚያ ነው ያለቀሰው» አሉ ሄንክ።

ከዚያ በኋላ ሄንክ በየሳምንቱ ይመጡ ጀመር። አልበሙንም መለሱልኝ። እያንዳንዱን ካርድ ፈተሽኩ። ቀለማቸው የማይሄደውን አላቀቅኩ። ሌሎቹን አልነካኋቸውም፤ የአልበሙን ቅጠል ዙሪያቸውን ቆርጬ፣ ከጀርባቸው ንጹሕ ወረቀት ደግፌ እንደተለጠፉ ተውኳቸው። ሄንክ አጠገቤ ተቀምጠው አዩ፤ «እንዲህ ይሁን» አሉ። ካርዶቹ አሁን እሳቸው ቤት ናቸው።

በአንደኛው ጉብኝት ሄንክ፣ «ለመሆኑ ጨዋታውን አይተህ ታውቃለህ?» ብለው ጠየቁ።

መነር ባረንድ አፈሩ። «አላውቅም። ያን ሁሉ ካርድ ጠግኜ አንድም ቀን ሜዳ አልሄድኩም።»

«አንቺስ?»

«እኔም» አልኩ።

በተከታዩ እሑድ ቅዳሴ አልቆ ነጠላዬን እንደለበስኩ ወደ ኾንክባሉ ሜዳ ሄድኩ። ሄንክ መነር ባረንድን በታክሲ አምጥተዋቸው ነበር፤ ከሽቦው አጥር አጠገብ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ጥቂት ወላጆች፣ ጥቂት ሽማግሌዎች አሉ። አየሩ ለስለስ ያለ ነው። ሄንክ የሚያዩትን ይናገራሉ፦ «ወርዋሪው ቆሟል። መቺው እግሩን አስተካከለ። አሁን ወርዋሪው ክንዱን አነሣ።» እኔም በዚያው ገባኝ፤ ለስንት ዘመን በእጄ ያገላበጥኩት ያ የተነሣ ክንድ፣ ሲወርድ አየሁት።

ዱላው ኳሱን አገኘው። ሰዎች ከመቀመጫቸው ተነሡ።

መነር ባረንድ የሄንክን እጅ ያዙ። «መታው?»

«መታው» አሉ ሄንክ፣ ኳሱን ወደ ላይ እየተከተሉ። ከዚያ ወደ እሳቸው ጎንበስ አሉና ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «የዱላውን ድምፅ ከሰማሁ ቆየሁ። እንዴት ያለ ነበር?» አሉ።

መነር ባረንድ ትንሽ አሰቡ።

«አጭር» አሉ። «ደረቅ። ልጅ ሆነህ እንደሰማኸው ይመስለኛል።»